ለስትሪመር ንጹህ ፓወር፦ አዳፕተር ይሻላል፣ ሊኒየር ወይስ ባትሪ?

ነገሩ የጀመረው በማሲንቆ ነው። አንድ ማታ ቡናው በረካ ላይ ደርሶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ከድሮ ካሴት ወደ ዲጂታል የተገለበጠ አምባሰል ከፈትኩ። ማሲንቆ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ደጋኑ ሲሳብ ያለቅሳል፣ ሲቆም ጭጭ ይላል። እዚያች ጭጭታ ውስጥ «እምምም» የሚል ነገር ሰማሁ። የካሴቱ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥዬ በቅርብ የተቀዳ መንዙማ ከፈትኩ፣ ድቤው ሳይመታ ያው «እምምም» አለ። ተነስቼ የስትሪመሩን ቆርቆሮ ሳጥን በእጄ ጀርባ ዳሰስ ሳደርገው ውርር አደረገኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ደሴ ቤቴ ውስጥ ያልሞከርኩት የፓወር ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። አዳፕተር ቀያይሬያለሁ፣ ሊኒየር የሚባለውን ከባድ ባለ ትራንስፎርመር ፓወር ሰፕላይ አስመጥቻለሁ፣ በመጨረሻ ባትሪ ላይ አርፌያለሁ። እናንተ ብር ሳታባክኑ እንድትመርጡ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ስትሪመር ስል ከኢንተርኔት ወይም ከፍላሽ ሙዚቃ እየጎተተች ለአምፕሊፋየር የምታቀብለዋን ትንሽ ሳጥን ማለቴ ነው። የእኔዋ ራስበሪ ፓይ 4 የምትባለዋ ትንሽ ኮምፒውተር ናት፣ የዳክ ቦርድ ተደርቦባታል። ዳክ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ክፍል ነው። የእናንተዋ ዊም ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 መሸጥ ያቆመው ክሮምካስት ኦዲዮ። እነዚህ ሁሉ 5 ቮልት ነው የሚበሉት። 9 ወይም 12 ቮልት የሚፈልጉም አሉ፣ ምርጫው ግን ብዙም አይለይም።

ንጹህ ፓወር ሲባል ሦስት ነገር አንድ ላይ ይደባለቃል። አንደኛው ቮልቱ ሳይወርድ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው በቮልቱ ላይ የሚጋልበው ጥቃቅን ረብሻ ነው። ሦስተኛው ከግድግዳው ሶኬት በስትሪመሩ በኩል አልፎ ወደ አምፕሊፋየር የሚሾልከው ኮረንቲ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ሲጽፉ ሁለተኛው ላይ ነው የሚንጠለጠሉት፣ ማይክሮቮልት ሲቆጥሩ ይውላሉ። እኛ ጋ ምጣድ ሲጣድ መብራቱ በሚደበዝዝበት፣ ኧርዝ (ሾልኮ የወጣን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) ያለው ቤት በጣት በሚቆጠርበት ቦታ ግን ሙዚቃውን የሚያበላሸው አንደኛውና ሦስተኛው ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የሊኒየሩ ብር ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ማታ ስጡት

ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ጋሼ አሉ። እምምታውን ስነግራቸው «ልጄ፣ ሳጥኑን አትክሰሰው፤ መጀመሪያ ከግድግዳው አላቀውና ስማ» አሉኝ። ሙከራው ይኸው ነው፣ ወጪ የለውም። አዳፕተሩን ንቀሉና ስትሪመሩን በስልክ ፓወር ባንክ አስነሱት። ያንኑ ሙዚቃ፣ በዚያው ድምፅ መጠን፣ ያንኑ ጸጥ ያለ ቦታ ስሙት።

እምምታው ከጠፋ ችግሩ በአዳፕተሩ በኩል ከግድግዳው የሚመጣ ነው። ካልጠፋ ግን ፓወር ሰፕላይ ብትቀይሩ ምንም አታተርፉም፤ አምፕሊፋየሩን፣ የድምፅ ኬብሉን፣ ወይም ከዲሽ ሪሲቨር ጋር የተገናኘውን ገመድ ፈትሹ። የዲሽ ገመድ ከጣራ ላይ የራሱን ጣጣ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ብትነቅሉት ብቻ ጸጥ የሚል ቤት ሞልቷል። እኔ ጋ በፓወር ባንክ ሲሆን ጭጭ አለ። ማሲንቆዋ ብቻዋን ቀረች፣ እንዴት ሸጋ ነበር!

ሙዚቃው የሚቆራረጥ ወይም ስትሪመሩ በራሱ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፣ የቮልት ማነስ። ራስበሪ ፓይ ቮልቷ ከ4.63 በታች ሲወርድ ትናገራለች፤ ስክሪን ከተሰካባት ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ታሳያለች። ይህን ካያችሁ አዳፕተሩን ከመርገማችሁ በፊት ኬብሉን እዩ። በርካሽ ዩኤስቢ ኬብል ውስጥ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ 28 ጌጅ ነው፣ ፀጉር ማለት ነው። አንድ ሜትሩ ላይ 1 አምፔር ሲያልፍበት 0.4 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። 5 ቮልት ልካችሁ 4.6 ይደርሳል፣ በቃ፣ ታመመች። በ20 ጌጅ ወፍራም ሽቦ (የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ያው አንድ ሜትር የሚበላው 0.07 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ አጭርና ወፍራም ኬብል ከሁሉም በፊት ይገዛል። ውድ መሆን የለበትም፣ በወርቅ መለበጡም ምንም አይጨምርም።

ተራው አዳፕተር

ከስልክ ቻርጀር ጀምሮ አሁን የሚሸጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ስዊቺንግ የሚባለው ነው። ኮረንቲውን በሴኮንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ነው ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው። ለዚያ ነው ቀላልና ትንሽ የሆነው። ሊኒየር ወዳጆች «ቆሻሻ» ይሉታል። ስድቡ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ከርካሹ አዳፕተር የመጣ መጥፎ ስም ነው።

ትልቁን ጥቅሙን እዩት። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ወደ ሶኬታችን 220 ሲገባም፣ ሠፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር 180 ሲገባም የሚያወጣው ያው 5 ቮልት ነው። በመልቲሜትር ለክቼዋለሁ፤ አንድ ማታ ሶኬቱ 182 እያሳየኝ አዳፕተሩ ንቅንቅ አላለም። ይህን የሚያህል ጸጋ እኛ ጋ በቀላሉ አይታይም።

ጉዳቱ ሾልኮ የሚያልፈው ኮረንቲ ነው። ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ውስጥ በግድግዳው ወገንና በ5 ቮልቱ ወገን መካከል አንዲት ትንሽ ካፓሲተር አለች። የተቀመጠችው ሆን ተብሎ ነው፣ ረብሻውን ልትውጥ። ግን በእሷ በኩል ትንሽዬ ኮረንቲ ያልፋል። ቻርጅ ላይ ያለ ላፕቶፕ ስትነኩ ውርር የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። ሰው አይገድልም፣ ግን መሄጃ ይፈልጋል፤ ካገኘም በድምፅ ኬብሉ ሽፋን በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባና ያ የታወቀው «እምምም» ይሆናል። ኧርዝ ያለው ባለ ሦስት እግር አዳፕተር ይህን ኮረንቲ ወደ መሬት ይሸኘዋል፣ ቤታችሁ እውነተኛ ኧርዝ ካለው። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ እንዳትታለሉ፤ ብዙ ቤት ሦስተኛው ቀዳዳ ለጌጥ ነው፣ ከኋላው ምንም ሽቦ የለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስፈትሹ፤ ከሌለ ዘንግ አስቀብሩ። ይህ ለሙዚቃው ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችሁም ነው።

ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። 3 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ግን እንደ ላባ የቀለለ አዳፕተር ውስጡ ባዶ ነው። ለራስበሪ ፓይ 4 የራሷ ኩባንያ የሚሸጠው 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር አለ። ያቺ 0.1 ትርፍ በኬብል ላይ የሚጠፋውን ለማካካስ ነው። እሱን ወይም ጥሩ ስም ያለው የስልክ ቻርጀር ካገኛችሁ ለአብዛኛው ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ። አይፋይ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ለድምፅ ተብሎ የተጣራ ስዊቺንግ አዳፕተር ይሸጣል፣ አይፓወር ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ ከሊኒየር ይልቅ እሱን አስመጡ።

ሊኒየር፦ ከባዱ፣ ሙቁ፣ ኩሩው

ሊኒየር የድሮው አሠራር ነው። ትራንስፎርመር አለው፣ ቮልቱን ያወርዳል። ዳዮዶች አሉት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞሩታል። ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉት፣ እንደ ጋን ውሃ ያጠራቅማሉ። መጨረሻ ላይ ሬጉሌተር አለው፣ ትርፉን ወደ ሙቀት እየቀየረ ልክ 5 ቮልት ብቻ ያሳልፋል። መቆራረጥ የለም፣ ስለዚህ ከመቆራረጡ የሚመጣው ረብሻ የለም። ሾልኮ የሚያልፈው ኮረንቲም በጥሩ ትራንስፎርመር በጣም ያንሳል። ኤልቲ 3045 የሚባለው ሬጉሌተር ረብሻው 0.8 ማይክሮቮልት ብቻ ነው፤ አንዱ የሚሸከመው ግን ግማሽ አምፔር ስለሆነ ሠሪዎቹ ብዙ ያጣምሩታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሊኒየር ንጉሥ ነው።

አሁን ንጉሡን ደሴ አምጡት።

የእኔው ትራንስፎርመር 220 ሲገባው 9 ቮልት የሚያወጣ ነው። ከዳዮዱ ሲወጣ ጫፉ 11.3 ቮልት ይሆናል። ካፓሲተሩ 4700 ማይክሮፋራድ ነው። ስትሪመሯ ስትነሳ 1.5 አምፔር ትጠይቃለች እንበል፤ በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ቮልቱ 3 ያህል ይወርድና 8.3 ይደርሳል። ሬጉሌተሩ ለመሥራት ከ5ቱ በላይ ቢያንስ 2 ቮልት ትርፍ ይፈልጋል፣ 7 ማለት ነው። 8.3 አለን፣ ሰላም ነው።

ምጣድ ተጣደ። ሶኬቱ 180 ሆነ። ያ 9 ቮልት 7.4 ሆነ፣ ጫፉ ወደ 9 ወረደ፣ ከሥሩ 3 ሲቀነስ 6 ቀረ። ሬጉሌተሩ 7 ይፈልግ የለ? ስለዚህ በየሞገዱ ሥር እጁን ይሰጣል፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ ማለት ነው፣ የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ። የገዛሁት እምምታን ሊያጠፋልኝ ነበር፣ ማታ ማታ ራሱ እምምም አለልኝ! እኔም ጅል ሁለት ሳምንት ኬብል ስቀያይር ከረምኩ። የገባኝ አንድ ቀን ጎረቤት እንጀራዋን ጨርሳ ምጣዱን ስትነቅል እምምታው አብሮ ሲጠፋ ነው።

መፍትሔ አለው። ካፓሲተሩን 10,000 ማይክሮፋራድ ስታደርጉት መውረዱ በግማሽ ይቀንስና በ180 እንኳ 7.5 ይቀራል። ወይም ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ትጠቀማላችሁ፤ ያኔ ግን ሙቀቱ ይጨምራል። የእኔው በ220 ላይ ከ7 ዋት በላይ ሙቀት ነው የሚተፋው፣ ስትሪመሯ ራሷ ከምትበላው በላይ። ደሴ ብርድ ስለሆነ ድመቷ ወዳዋለች፣ ላዩ ላይ ነው የምትተኛው። ሃረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ግን ለሂት ሲንኩ፣ ሙቀቱን ለሚያስወጣው ብረት፣ አትሰስቱ። ቁም ሳጥን ውስጥም አትዝጉበት።

ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ሊኒየር ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ በዘመድ ይመጣል። ከኋላው ወይም ከሆዱ ሥር 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ ሶኬታችን ላይ ከሰካችሁት ፊውዙ ካዳነው ዕድለኛ ናችሁ፣ ካላዳነው ጭስ ነው። መቀየሪያ ጭራሽ የሌለውና 115 ብቻ የሚል ከሆነ አታስመጡት፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር እኛ 50 ኸርዝ ላይ ተጨማሪ ይሞቃል፣ በዚያ ላይ ሌላ ቮልት ማውረጃ ልትገዙለት ነው።

ታዲያ ሊኒየር ለማን ነው? ዳኩ እንደ እኔው ከስትሪመሩ ላይ 5 ቮልት በቀጥታ ለሚወስድ፣ ቤቱ ጥሩ ኧርዝ ላለው፣ ቮልቱ ብዙ ለማይዋዥቅ ሰው። ወይም በራሱ እጅ መሥራት ለሚወድ። ሰርቶ መስማት የራሱ ደስታ አለው፣ ያን አልክድም። ዳካችሁ ግን የራሱ ሶኬት ያለው ሌላ ሳጥን ከሆነና ከስትሪመሩ የሚወስደው በኦፕቲካል ኬብል ከሆነ፣ ለስትሪመሩ ሊኒየር መግዛት ለበቅሎ ጥርስ ወርቅ ማልበስ ነው። በኦፕቲካል የሚያልፈው ብርሃን ነው፣ ኮረንቲ በብርሃን ላይ አይሾልክም። ዊም ላይ የኦፕቲካል መውጫ አለ። እምምታ ያስቸገራችሁ የዊም ባለቤቶች መጀመሪያ ይህቺን ኬብል ሞክሩ፣ አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ያበቃል።

አንድ ነገር ላስገባ። «ሊኒየር ስታደርግ ዘፋኟ ክፍሉ ውስጥ ትገባለች» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ቢቶቹ በፓወር ሰፕላይ አይቀየሩም፤ ዜሮው ዜሮ፣ አንዱ አንድ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ረብሻ የሚጎዳው ቁጥሩ ወደ ድምፅ የሚቀየርበትን ቦታና ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እምምታው ከጠፋ በኋላ ታናሽ ወንድሜን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጬ ጥሩውን አዳፕተርና ሊኒየሩን እያፈራረቀ እንዲሰካልኝ አድርጌ ነበር። አሥር ጊዜ ገምቼ አምስቱን ነው ያገኘሁት። ሳንቲም ብወረውርም ያው ነበር። ወንድሜ እስካሁን ይስቅብኛል።

ባትሪ፣ የእኔ ምርጫ

እኛ ጋ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲሄድ ሙዚቃው መቆሙ ብቻ አይደለም ጣጣው። ራስበሪ ፓይ በድንገት ስትጠፋ የሜሞሪ ካርዷ ሊበላሽ ይችላል፤ ሁለት ካርድ እንደዚያ ቀብሬያለሁ። (ፒኮርፕሌየር የሚባለውን ሶፍትዌር ብትጭኑ ሁሉንም ነገር ራም ላይ አውጥቶ ስለሚሠራ ካርዱ አይነካም። ሌላው ሶፍትዌር፣ ቮሉሚዮ፣ መልኩ ያምራል፣ ግን በዚህ በኩል ፒኮርፕሌየርን አመሰግነዋለሁ።) መብራት ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ በጉልበት ነው የሚመጣው። ባትሪ እነዚህን ሁሉ ባንድ ላይ ይፈታል። በዚያ ላይ ከግድግዳው ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የሚሾልክ ኮረንቲ ከየት ይመጣል?

ቀላሉ ፓወር ባንክ ነው። 20,000 የሚለው ቁጥር እንዳያታልላችሁ፤ የተቆጠረው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ሴል ነው፣ 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲያሳድገው የተወሰነው ይባክናል። ስትሪመሯ 4 ዋት ብትበላ 15 ሰዓት ያህል ትሄዳለች፣ ፓወር ባንኩ የጻፈውን በእውነት ከያዘ። ሁለት እንከን አለው። አንደኛ፣ ያሳደገበት መንገድ ራሱ ስዊቺንግ ነው፤ «ባትሪ ስለሆነ ፍጹም ንጹህ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም፣ የሚያድነን ከግድግዳው መለየቱ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ቻርጅ እየተደረጉ ሌላ ነገር ሲያበሩ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ለቅጽበት ይጠፋሉ፣ ስትሪመሯ እንደገና ትነሳለች። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ እዩት።

ለራውተር የሚሸጠው ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በውስጡ ባለው ባትሪ የሚቀጥለው ትንሽ ሳጥን፣ ይህ ችግር የለበትም። 5፣ 9 እና 12 ቮልት መውጫ ያለው አለ፤ ራውተሩንና ስትሪመሩን አንድ ላይ ይይዛል። ከኢንተርኔት ለሚሰማ ሰው ስትሪመሩ ብቻ በርቶ ራውተሩ ቢጠፋ ምን ዋጋ አለው? የ5 ቮልት መውጫው ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ግን አንብቡ። 1 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለክሮምካስት ይበቃል፣ ለራስበሪ ፓይ 4 አይበቃም።

እኔ የያዝኩት 12.8 ቮልት፣ 6 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው፣ ለሶላር የሚሸጠው ዓይነት። ወደ 77 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሃያ በመቶውን ባልነካበት እንኳ ከ13 ሰዓት በላይ ያጫውተኛል። ከእሱ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድልኝ ኤልኤም 2596 የተባለው ትንሽ ቦርድ ነው። 3 አምፔር ድረስ ይላል፤ እኔ ከ2 በላይ አልጭነውም፣ ይሞቃል። እሱም በሴኮንድ 150 ሺህ ጊዜ ይቆራርጣል፣ ስለዚህ ከኋላው አንድ ጥቅል ኮይልና ጥሩ ካፓሲተር ጨመርኩበት። ቦርዱን ከመስካታችሁ በፊት በመልቲሜትር 5.1 ላይ አስተካክሉት፤ ሲገዛ የፈለገው ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፣ 9 ቮልት ላይ ተሞልቶ ከመጣ ስትሪመሩን ያቃጥላል። ከባትሪው ፕላስ አጠገብ 3 ወይም 5 አምፔር ፊውዝ ግድ ነው። ትንሽ ባትሪ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ ሁለቱ ጫፍ ቢነካካ ሽቦ ታቀልጣለች።

ርካሹ አማራጭ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ነው። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ። ግን ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፣ እስከ ሥሩ ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። ለ4 ዋት 9 ሰዓት ገደማ ማለት ነው፣ ለአንድ ማታ ይበቃል ይተርፋል።

አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር፦ ባትሪውን ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ብትሰሙ ከግድግዳው ጋር መልሳችሁ አገናኛችሁት፣ እምምታውም ሊመለስ ይችላል። እኔ ቀን ሥራ ላይ ስሆን ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ ማታ እነቅለዋለሁ። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ኩታበር ወይም ሐይቅ አካባቢ የምትኖሩና ጣራችሁ ላይ 20 ዋት ሶላር ያላችሁ ደግሞ ከሁላችንም ትበልጣላችሁ፤ ፓኔሉ ከሠፈሩ መስመር ጋር አይተዋወቅም። ክረምት ላይ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሲሸፍነው ግን ፓኔሉም ያዛጋል፣ መጠባበቂያ ቻርጀር ይኑራችሁ።

ዩፒኤስና ኢንቨርተር በሁለት ቃል ልለፈው። ርካሾቹ በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ነው፤ ለተራ አዳፕተር ግድ የለውም፣ ሊኒየር ትራንስፎርመር ግን ላዩ ላይ ያጉረመርማል። 12 ቮልትን ወደ 220 ሰቅሎ መልሶ ወደ 5 ማውረድም ሐይቅ አጠገብ ሆኖ ውሃ ከደሴ እንደ መቅዳት ነው።

እንግዲህ ለእናንተ

ሙከራውን ሠርታችሁ እምምታ ከሌለ፣ መብራታችሁም ብዙ የማይጠፋ ከሆነ፣ ጥሩ አዳፕተርና ወፍራም ኬብል ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ቀሪውን ብር ስፒከር ላይ አውሉት። እምምታ ካለና ዳኩ ለብቻው ከሆነ ኦፕቲካል። እምምታ ካለና ዳኩ ስትሪመሩ ላይ ከተደረበ፣ ወይም መብራት በየቀኑ የሚሄድባችሁ ከሆነ ባትሪ። ሊኒየርን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ካፓሲተሩ ትልቅ መሆኑን ሳትጠይቁ አትግዙ፣ «በ180 ቮልት ይሠራል ወይ?» በሉት ሻጩን። ፊቱ ላይ መልሱን ታዩታላችሁ።

የክረምት መብረቅ ደግሞ የፓወር ዓይነት አይመርጥም። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲያጉረመርም ከግድግዳው ንቀሉ፣ የአንቴናና የዲሽ ገመድም ጭምር። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አትስኩ፣ አምስት ደቂቃ ስጡት። ሰርጅ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ይረዳል፣ ግን ኧርዝ ከሌለው ግማሽ ሥራውን ብቻ ነው የሚሠራው።

ከቤት የተገኘ አሮጌ አዳፕተር ለመሰካት ለምትቸኩሉም አንድ ነገር። የዲሽ ሪሲቨርና የራውተር አዳፕተር ክብ ጫፉ ከስትሪመሩ ቀዳዳ ጋር ልክ ሊገጥም ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው። 5 ቮልት የምትበላ ሳጥን ላይ ከሰካችሁት ሁለተኛ ዕድል የለም። ቮልቱ ልክ ቢሆን እንኳ መሃሉ ፕላስ ይሁን ማይነስ ጀርባው ላይ ካለው ትንሽ ሥዕል እዩ፣ ቀዳዳው 2.1 ይሁን 2.5 ሚሊሜትርም ለዩ። ጋሼ ዘንድ ለጥገና ከመጡት ትንንሽ ሳጥኖች ስንቱ በዚህ እንደሞተ ብጠይቃቸው ወደ መደርደሪያው በአገጫቸው ጠቆሙኝ፣ ሙሉውን ረድፍ።